የአርብ ዋይፋይ

ኮምፒዩተር ታውቃለች ይሉኛል። የማውቀው መተየብ ነው። ልደታ፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ፊት ለፊት፣ ሁለት ባለጉዳይ ከገባ ሦስተኛው ከነዶሴው ደጅ በሚቆምባት ጠባብ ሱቅ ተቀምጬ ስንት ዓመት ሙሉ የሰው ክስ፣ የሰው መልስ፣ የሰው ይግባኝ ስተይብ ኖርኩ። ባል ሚስቱን፣ ወንድም ወንድሙን፣ አከራይ ተከራዩን የሚከስበት ወረቀት በእነዚህ ጣቶች አልፏል። ታዲያ ጎረቤቱ በሙሉ፣ ኮምፒዩተር የነካ ሰው ቴሌቪዥንም ዲሽም መብራትም ያውቃል ብሎ ደምድሟል። ቴሌቪዥኑ እምቢ ያለው ሁሉ እኔን ይጠራል። እሄድና ገመዱን ነቅዬ መልሼ እሰካዋለሁ። አንዳንዴ ይሠራል፤ ያን ጊዜ ምርቃቱን እቀበላለሁ። ቤታችን ዋይፋይ ያስገባሁት እንግዲህ በዚህ እውቀቴ ነው።

ዋይፋይ ያስፈለገን በታናሽ እህቴ ምክንያት ነው። ለቤት ሠራተኝነት ዓረብ አገር ከሄደች ወዲህ የምናውቃት በድምፅ ብቻ ነበር። ትደውላለች፣ ደህና ነኝ፣ እናንተስ፣ ትላለች፣ ሳንጠግባት ይቋረጣል። እናቴ በዚህ አልረካችም። ድምፅማ ራዲዮም አለው ትላለች። ፊቷን ካላየሁ ምኑን አወቅሁት፣ ከስታ ይሁን ወፍራ፣ ጠቁራ ይሁን ቀልታ በምን ልወቅ ትላለች። ከሶላቷ ስትነሳም፣ ከእንቅልፏ ስትነሳም ይኸው ነው። ከዚህ ዓለም የምትፈልገው አንድ ነገር ቢኖር የዚያችን ልጅ ፊት ማየት ብቻ ነበር።

መላውን ያመጣችው እህቴ ራሷ ናት። የራሷን ስልክ ገዛች፣ የአሠሪዎቿ ቤት ኢንተርኔት አለው፣ እናንተም ቤት ዋይፋይ ካስገባችሁ አርብ አርብ በቪዲዮ እንተያያለን አለች። አርብ አሠሪዎቿ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ወደ ሽማግሌው አባታቸው ቤት ምሳ ይሄዳሉ። እሷ ከሚተኮሰው ልብስ ጋር ቤት ትቀራለች። ያቺ ሰዓት የራሷ ናት። ለእኛም ተመቸች፤ አርብ የፍርድ ቤቱ የምሳ ዕረፍት ረዘም ስለሚል ባለጉዳዮቼ ይበተናሉ፣ እኔም ሱቄን ዘግቼ በእግሬ ቤት እደርሳለሁ።

ቤታችን ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። የኢንተርኔቱ ሠራተኛ መጥቶ ከደረጃው ሥር ካለው ሳጥን ገመድ ስቦ አስገባና፣ ብልጭ ድርግም የምትል ነጭ ሣጥን ቡፌው ላይ አስቀመጠልን። እኔ በዚያን ሰዓት ከታች ጥበቃውን፣ ሳጥኑን ዝጋልን፣ ዝናብ እንዳይገባበት፣ እያልኩ ስለምን ነበር። ስመለስ ሠራተኛው ለእናቴ የሆነ የሆነ ነገር አስረድቷት ሲመራረቁ ደረስኩ። እናቴ ገና በሩ ሳይዘጋ ሣጥኗን በዳንቴል አለበሰቻት። ኧረ ይሞቃታል፣ ትቃጠላለች ብላት፣ ራቁቷን እንግዳ ፊት አላስቀምጣትም አለችኝ። ቤታችን ውስጥ ዳንቴል ያልለበሰ ዕቃ የለም፤ ቴሌቪዥኑም ለብሷል፣ የስኳሩ ዕቃም ለብሷል። ተውኳት።

የመጀመሪያዎቹ አርቦች ግሩም ነበሩ። ስልኩ ሲጮህ እናቴ አዲሱን ሻሿን አሥራ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች። እህቴ ብቅ ስትል መጀመሪያ የምትጠይቀው «እታያለሁ?» ብላ ነው። ትታያለች። ያው ፊቷ ነው፣ ያው ፍንጭት ጥርሷ ነው፣ ሥራው ትንሽ አክስቷታል። እናቴ የስልኩን መስታወት በጣቷ ስትዳብስ ቪዲዮው ይጠፋባታል፤ እኔ እቆጣለሁ፣ መልሼ እከፍታለሁ፣ እህቴ ወዲያ ማዶ ሆና ትስቃለች። አልሐምዱሊላህ ስትል ትውላለች እናቴ። ያን ሰሞን ማታ ማታ እንቅልፍ ወሰዳት።

ከዚያ ነገሩ መበላሸት ጀመረ። አንድ አርብ ምስሉ ቀጥ አለ። በሚቀጥለው አርብ ተሰባበረ። ከዚያ በኋላማ የእህቴ ፊት ፊት መሆኑ ቀርቶ የተደረደረ ሴራሚክ ሆነ፤ ቡናማ አራት ማዕዘን፣ ጥቁር አራት ማዕዘን፣ መሃሉ ላይ ነጭ ነገር። ድምፁ ግን ይመጣል። «እታያለሁ?» ትላለች። ኧረ ተቆራረጥሽ፣ ምንም አይታይም እላታለሁ። ይሁን፣ ድምፄ ከተሰማ ይበቃል ትላለች፣ ወሬዋንም ዘና ብላ ትቀጥላለች። እናቴ ተስፋ አትቆርጥም። ስልኩን ታርቃለች፣ ታቀርባለች፣ ታዘነብላለች። መጨረሻ ላይ ወደ እኔ ዞር ትልና ወፍራለች አይደል ትለኛለች።  ምኑን አይተሽው ነው፣ እማዬ፣ አራት ማዕዘን ነው የሚታየው፣ አራት ማዕዘን ደግሞ ይወፍራል እንዴ፣ እላታለሁ። ወራት እንዲህ አለፉ።

ምክንያቱን ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም ነበር፤ ደረጃውን መውጣት ብቻ ይበቃል። ከሥራ ስመለስ ከሦስተኛ ፎቅ ጀምሮ እስከ ቤታችን በር ድረስ የሕንፃው ወጣት በየደረጃው ተኮልኩሎ ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። ስደርስ ብድግ ብለው ያሳልፉኛል፣ እንዴት ዋልሽ ይሉኛል። ውሃ በሚመጣበት ቀንማ ከነጀሪካኔ ሲያዩኝ ይሽቀዳደማሉ። ጀሪካኔን ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ ያወጣልኝን ጎረምሳ ምን ብዬ ልቆጣው? ከእኛ ቤት ኢንተርኔት እየጠጡ እንደሆነ አውቃለሁ፣ እነሱም እንደማውቅ ያውቃሉ። እግዚሃር ያክብርልን ይላሉ፣ እኔም አሜን እያልኩ እገባለሁ። ከገባሁ በኋላ ነው የምራገመው።

ፓስወርዱን ቀየርኩ። ሱቅ የሚመጣ አንድ ጠበቃ የሣጥኗን ገጽ እንዴት እንደሚከፈት አሳይቶኝ ነበርና፣ ሁሉንም በእንግሊዝኛ እያነበብኩ፣ ያልገባኝን እየዘለልኩ፣ ረጅም ፓስወርድ አስገባሁ። በእናቴ ስልክና በእኔ ስልክ ላይ ራሴ ጻፍኩት። ለእናቴ አልነገርኳትም፣ ብነግራትም የፈረንጅ ፊደል አታነብም። ማግስቱን ደረጃው ጭር አለ። ደስ አለኝ። በሦስተኛው ቀን ስመጣ ደረጃው ሙሉ ነው። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም አልኩና እንደገና ቀየርኩት። እንደገና ገቡ። ያባቴን ስም፣ የመንደራችንን ስም፣ የሕግ ቁጥር፣ የማይነበብ ነገር ሁሉ ቀላቅዬ ጻፍኩ። ገቡ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ማለት ይኸው ነው።

ሰው መጠርጠር ጀመርኩ። ሠራተኛውን ጠረጠርኩ፣ ጠበቃውን ጠረጠርኩ፣ ጥበቃውን ጠረጠርኩ። በመጨረሻ እናቴን ፊት ለፊት ጠየቅኋት። ወላሂ፣ ለማንም ምንም ቁጥር አልነገርኩም አለችኝ። እዚህ ላይ አለቀ። እናቴ ለቀልድ እንኳ በወላሂ አትምልም። የወሎ ሰው ናት፤ በአላህ ስም ከማለች በኋላ ያ ነገር እውነት ነው፣ ክርክርም የለበትም። ዕድሜ ልኳን በሐሰት ምላ አታውቅም። ይቅርታ ጠይቄ ተነሳሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሱቁ ውስጥ መብራት ጠፋና ዘግቼ በጊዜ ወደ ቤት ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። የፊት ለፊት ጎረቤታችን ጫማዋን ደጅ አውልቃ፣ ስልኳን ዘርግታ፣ ቡፌው አጠገብ ቆማለች። እናቴ ዳንቴሉን በአንድ እጇ ገለጥ አድርጋ በሌላው እጇ ከሣጥኗ ጀርባ የሆነ ነገር እንደ በር ደወል ተጫነች። ገባልሽ ብላ ጠየቀቻት። ሴትዮዋ ገባልኝ እማማ፣ እግዜር ይስጥልኝ አለች። ዞር ስትል እኔን አየችና ስልኳን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች፣ ሳህን ሙሉ ቆሎ ጠረጴዛው ላይ ትታ ወጣች።

ለካስ ያ ሠራተኛ፣ እናቴ ፊደሉን እንደማታነብ ባየ ጊዜ፣ አዝኖላት ከጀርባ ያለችውን ቁልፍ አሳይቷት ኖሯል። ቁጥር ካስቸገረዎት ይቺን ይጫኑ፣ ስልኩ ራሱ ይገባል ብሏታል። እናቴም ትጫናለች። የመጣው ሁሉ ስልኩን ይዞ ይቆማል፣ እሷ ትጫንለታለች። ቁጥር አልነገረችም፤ መሐላዋ እውነት ነው። እኔ ሞኟ ፓስወርድ ስቀይር እከርማለሁ፣ እናቴ በጓሮ በኩል ሰፈሩን ታስገባለች።

ጮህኩ። እውነቱን ለመናገር ጮህኩባት። እሷ ግን ምን እንዳጠፋች ጭራሽ አልገባትም። ድሮ ኮንዶሚኒየሙ ሳይሠራ፣ እዚሁ ሰፈር ቀበሌ ቤት ሳለን፣ በግቢው ቆጣሪ የነበረው በእኛ ቤት ብቻ ነበር። ከእኛ ቤት በጣሪያ ላይ እየተሳበ ለስንቱ ቤት መብራት ገብቷል። ለቅሶ ሲሆን ድንኳኑ በእኛ መብራት ነው፣ ሠርግ ሲሆን በእኛ መብራት ነው። አባቴ በሕይወቱ መብራት ከልክሎ አያውቅም። ታዲያ ያንን በገመድ የሚሄደውን፣ ሲወስዱት የሚታየውን ያልከለከልን ሰዎች፣ ይሄን የማይታይ ነገር እንዴት እንከልክል ትላለች። ምኑ ይጎድላል ትለኛለች። ደግሞስ ያቺ ጎረቤታችን፣ እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ እናቴ ባለባት የስኳር ሕመም ስኳሯ ወርዶ ስትወድቅ ደረጃውን በጀርባዋ አዝላ አውርዳ ሐኪም ቤት ያደረሰቻት ናት። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል፤ ይሄን ለእናቴ የሚነግራት አያስፈልግም። ቆሎ ይዛ መጥታ፣ እማማ፣ እስቲ ያቺን ነገር ይጫኑልኝ ስትል፣ አይሆንም የሚል አንደበት ከየት ይምጣ?

 ምን አባቴ ላድርግ። የተናገረችው ሁሉ ልክ ነው። የቀረኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ እሱን አወጣሁት።

«እማዬ፣ ልጅሽን ማየት ትፈልጊያለሽ ወይስ አትፈልጊም?»

እናቴ ዳንቴሉን ከሣጥኗ ላይ አንስታ፣ አጣጥፋ፣ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው።

«ዝጊው» አለችኝ።

አብነት ሰፈር ወርጄ ስልክ የሚጠግን ሰው ጋ ሄድኩ። እንደነገረኝ ከሆነ እያንዳንዱ ስልክ እንደ ሰሌዳ ቁጥር ያለ የራሱ መለያ አለው፤ ሣጥኗ እነዚህን ብቻ አስገቢ ከተባለች ሌላው ፓስወርዱን ቢያውቅም በሩ አይከፈትለትም። ቁልፏንም ከዚያው ገጽ ማምከን ይቻላል። እቤት ተመልሼ እየተሳሳትኩ፣ አንዴም ራሴን ዘግቼ ውጭ አስቀርቼ፣ በመጨረሻ የእናቴንና የእኔን ስልክ ብቻ አስቀርቼ የሰፈሩን ስልክ ሁሉ አስወጣሁ። ሐሙስ ነበር። በሩን ከፈት አድርጌ ብመለከት ደረጃው ላይ ያሉት ልጆች ስልካቸውን ወደ ላይ ያነሳሉ፣ ያራግፋሉ፣ እርስ በርስ ይጠያየቃሉ። ትንሽ ቆይተው አንድ በአንድ ሄዱ። አንዱ ሲያልፍ ቀና ብሎ አየኝና ሰላም ሳይለኝ ወረደ። የዚያን ቀን ማታ ጀሪካኔን ራሴ ተሸክሜ ወጣሁ።

አርብ ጠዋት ጎረቤታችን ኮሪደሩ ላይ ልብስ ስታሰጣ እናቴ ወጣች። እንዴት አደሩ እማማ አለቻት ሴትዮዋ፣ በትሕትና፣ ከወገቧ ዝቅ ብላ። ከዚያ ልብሷን አስጥታ ገባች። ሌላ ጊዜ ቢሆን እናቴን ስለ ጉልበቷ ትጠይቃታለች፣ ስለ ስኳሯ ትጠይቃታለች፣ ዓረብ አገር ስላለችው ልጇ ትጠይቃታለች። እናቴ የተሰጣውን አንሶላ እያየች ትንሽ ቆመችና ተመልሳ ገባች።  ቢሆንም የዚያን ዕለት ልጇን እንደምታይ ስለማውቅ ልቤ ሙሉ ነበር። ትንሽ ቅሬታ ምንድን ነው፣ ጎረቤት ነው፣ ይታረቃል፣ ብዬ ወደ ሥራዬ ሄድኩ።

በምሳ ዕረፍቱ እየሮጥኩ መጣሁ። እናቴ ሰግዳ፣ አዲሱን ሻሽ አሥራ፣ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ስልኩ ጮኸ። ከፈትኩት።

ያረቢ፣ እንዴት ያለ ጥራት ነው። እህቴ ፊት ለፊታችን ቁጭ ያለች ያህል ነው የታየችን። ሻሿ ላይ ያሉት አበቦች፣ ከኋላዋ ያለው የማድ ቤት መደርደሪያ፣ የተሰቀለው ጭልፋ ሳይቀር ይታያል። በእኔ እጅ የተሠራ ሥራ ነው፣ ኮራሁ። እሷም እንደ ልማዷ፣ «እታያለሁ?» አለች።

«ጥርት ብለሽ! ጭልፋው ሳይቀር ይታያል» አልኳት።

እጇ ብድግ ብሎ አፏን ሸፈነው። ለምን እንደሆነ አልገባኝም፣ ሳቋን የያዘች መሰለኝ። ከዚያ እጇን አየሁት። ከጣቶቿ ግርጌ ተነስቶ ወደ ክንዷ እጅጌው ውስጥ እስከሚገባ ድረስ ቆዳው ተገሽልጦ፣ ተጨማዶ፣ የሚያብለጨልጭ ሐምራዊ ሆኗል። ማየቴን አየች። እጇን ወዲያው አወረደችው። ሲወርድ አፏ ተገለጠ። እነዚያ ፍንጭት የላይ ጥርሶቿ የሉም። የሻሿን ጫፍ ስባ አፏ ላይ ያዘችው፤ በየትኛው እጇ እንደምትይዘው ግራ ገብቷት አንዴ በዚህ፣ አንዴ በዚያ ያዘችው። ጉንጮቿ የሉም። ዓይኗ ብቻ ነው የቀረው፣ እሱም ከእኛ ላይ ተነስቶ መሬት መሬት ያያል። ያ ሁሉ ወር በአራት ማዕዘኑ መሃል የምናየው ነጭ ነገር ጥርሷ ይመስለኝ ነበር፤ የሻሿ ጫፍ ኖሯል።

ስልኩን ከእናቴ ፊት ላርቀው እጄን ዘረጋሁ። 

እናቴ ናት የተናገረችው። «ምን ትላለች ይቺ ደግሞ» አለች፣ እኔን በክርኗ ገፋ አድርጋ። «የእሷ ዓይን ነው እንጂ እኔ ምንም አይታየኝም። ጭጋግ ነው። አንቺ ብቻ አውሪኝ የኔ ዓለም፣ ድምፅሽ ይሰማል።»

እህቴ ቀና አለች። «እውነት አልታይሽም፣ እማዬ?»

«ወላሂ» አለች እናቴ።

እህቴ ያንን ቃል ከሰማች በኋላ ምን ትጠራጠራለች? እሷም የዚያች እናት ልጅ ናት። የሻሿ ጫፍ ቀስ እያለ ከአፏ ላይ ወረደ። እጇን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ማውራት ጀመረች፣ ስለ ሩዙ፣ ስለ ሙቀቱ፣ የአሠሪዋ ትንሽ ልጅ አማርኛ እንደጀመረ፣ ና ስትለው እንደሚመጣ። ሳቀች። እናቴ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ፣ ዓይኗን ሳትነቅል፣ ሁሉንም አየች። እጇን አየች፣ ድዷን አየች፣ የጎደጎደውን ጉንጭ አየች፤ አፏ ግን ምን በላሽ፣ ትተኛለሽ ወይ፣ እያለ ይጠይቃል። ድምጿ አልተዛነፈም። እኔ ተነስቼ ማድ ቤት ገባሁና ቧንቧውን ከፈትኩ። ውሃ አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ሱቅ ሆኜ ለብቻዋ ደወልኩላት። መጀመሪያ ዘይት ነው አለችኝ፣ ከዚያ ደረጃ ነው አለችኝ፣ ከዚያ አለቀሰች። አሠሪዋ ሴትዮ ናት ይህን ያደረገችባት። ፓስፖርቷ በሴትዮዋ እጅ ነው። ደጁ ከውጭ ይቆለፋል። ወደዚያ የላኳት የኤጀንሲው ሰዎች ስልክ አያነሱም። ካልሞትኩ ውሌ ሲያልቅ እመጣለሁ አለችኝ። ከዚያ ልመናዋን አስከተለች፤ ለእማዬ እንዳትነግሪያት፣ ስኳሯ ነው የሚገድላት፣ ደግነቱ ዛሬም አላየችኝም አለች። እሺ አልኳት። ሌላ ምን ልበላት።

የላኳት ሰዎች ቢሮ ሄድኩ። ኃላፊው የለም ተባልኩ። ተመልሼ ሄድኩ፣ ስብሰባ ላይ ነው ተባልኩ። ሌላም ቦታ ሄድኩ፤ አንዱ ወደ ሌላው ላከኝ፣ ሌላው ወደ መጀመሪያው መለሰኝ። ሱቄ ገብቼ ኮምፒዩተሩን ከፈትኩና አቤቱታ ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ «ለ» ብዬ ቆምኩ። ለማን? ለዚህ ሁሉ ባለጉዳይ፣ ለስንቱ ከሳሽና ተከሳሽ የጻፍኩ ሰው፣ ለእህቴ ለማን ብዬ እንደምጽፍ አላውቅም። የዚያች ሴትዮ ስም እንኳ ማዳም ከሚለው ሌላ አይታወቅም። አንድ ባለጉዳይ መጥቶ የእኔ ደረሰ ወይ አለኝ። አጠፋሁትና የእሱን ከፈትኩለት።

እናቴ ከቅዳሜ ጀምሮ ሦስት ቀን ጾመች። ረመዳን አይደለም፣ የሱና ጾምም አይደለም፣ በስኳሯ ምክንያትም ሐኪሙ ከልክሏታል። በሐሰት ስለማለች ነው። አላህ እንዲምራት ነው። ተይ ብላት፣ ለምን እንደምትጾም ማወቄን ታውቅብኛለች። ምሽት ላይ በተምር ስታፈጥር ከጎኗ ተቀምጬ አያታለሁ። ማየት ማመን ነው ይላሉ። እሺ፣ አይተን አመንን፤ ካመንን በኋላ ምን እንደሚደረግ የሚነግረኝ ሰው ነው ያጣሁት።

ጾሟን የጨረሰች ዕለት ዳንቴሉን ይዛ መጣች። «ለሰዎቹ መልሺላቸው» አለችኝ።

አልገባኝም። ምኑን አልኳት።

«ዋይፋዩን። ቁልፉንም መልሺልኝ» አለች። «እያየኋት መሆኔን ካወቀች ሁለተኛ አትስቅም። ሳላያት ነው የምትስቀው። ሳቋን ልስማበት።»

ጎረቤቱን እንደዚያ የዘጋሁት እኔ ነኝ፣ መልሼ የከፈትኩትም እኔ ነኝ። ሁለቱንም ያደረግሁት እናቴ ልጇን እንድታገኝ ነው። ገጹን ከፍቼ ያጠፋሁትን አበራሁ፣ የከለከልኩትን ፈቀድኩ። እጄ ይሠራል እንጂ ልቤ እዚያ አልነበረም። ስጨርስ እናቴ ዳንቴሉን ሣጥኗ ላይ መልሳ አለበሰችና ራሷ ኮሪደሩን ተሻግራ የጎረቤታችንን በር አንኳኳች። ተበላሽቶ ነበር፣ አሁን ልጄ ሠርታዋለች፣ ስልክሽን ይዘሽ ነይ ስትላት ሰማኋት። ሴትዮዋ መጣች፤ ስለ ጉልበቷም፣ ስለ ስኳሯም፣ ስለ ልጅቷም ጠየቀቻት። ልጅቷ ደህና ናት፣ አልሐምዱሊላህ አለች እናቴ፣ ቁልፉን እየተጫነች።

በቀጣዩ አርብ ደረጃው ከሦስተኛ ፎቅ ጀምሮ ሙሉ ነበር። ብድግ ብለው አሳለፉኝ። ስልኩ ሲጮህ እናቴ ሻሿን አሥራ ተቀምጣ ነበር። ከፈትኩት፤ ምስሉ መጣ፣ ቆመ፣ ተሰባበረ፣ ቡናማና ጥቁር አራት ማዕዘን ሆኖ ተደረደረ።

«እታያለሁ?» አለች እህቴ።

እናቴ ኧረ ምን ትታያለሽ፣ ሰፈሩ በሙሉ ተቀምጦበት አለቻት። እህቴ ከልቧ ሳቀች። ስትስቅ አራት ማዕዘኖቹ ተንቀጠቀጡ። እናቴ ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋች፣ አራቀች፣ አዘነበለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞር አለች።

«ወፍራለች አይደል?» አለችኝ።

«አዎ እማዬ» አልኳት፣ «ወፍራለች።»